ላለመከፈት የተሠራ ዕቃ፦ ስለ ካፒታሊዝምና ስለ ዕለታዊ ምሬታችን

ባለፈው ወር አንድ ምሽት የጆሮ ማዳመጫዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በቢላዋ ጫፍ ልከፍተው ታገልኩ። ድምፁ እንደ ድሮው ነው፤ የተሰበረ ነገርም የለውም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ ባትሪው ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይም። ባትሪ ያረጃል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ የጀመረው ብሎኑን ስፈልግ ነው። ብሎን የለውም። ዙሪያው በማጣበቂያ ተለስኗል። በግድ ፈልቅቄ ስከፍተው አዝራር የምታክል ባትሪ ተበይዳ፣ በላይዋ ሌላ ማጣበቂያ ፈስሶባት አገኘኋት። ይህን የነደፈ መሐንዲስ ባትሪ እንደሚያረጅ አላወቀም አይባልም። ዐውቆ ነው የዘጋው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጣው ከሁለት በአንዱ ላይ ነው። ወይ "ርካሽ ፈልጌ፣ ሳልጠይቅ ገዝቼ" እያልን በራሳችን፤ ወይ ደግሞ ፊቱን አይተነው በማናውቅ ስግብግብ ሰው። ሁለቱም ቁጣዎች ዒላማቸውን ይስታሉ። ማጣበቂያውን ያፈሰሰው የአንድ ሰው ስግብግብነት ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ደግ ነጋዴ ፈልጎ ከእሱ መግዛት። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። (ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካፒታሊዝም የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ዕድሉ አላማረም። ከ"ከበርቴ"፣ ከ"ወዛደር" እና ከ"ብዝበዛ" ጋር በመፈክር ሲጮህ ሲጮህ ደከመ። ብዙ አንባቢ ገና ቃሉን ሲያይ ወይ ክርክር ይሸተዋል ወይ ያዛጋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ያልሆነውን ልናገር። ካፒታሊዝም ገበያ ማለት አይደለም፤ ሰዎች መሸጥና መግዛት ከጀመሩ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፣ ካፒታሊዝም ግን ዕድሜው ጥቂት መቶ ዓመታት ነው። ገንዘብ መውደድም አይደለም፤ ስስት ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ልዩነቱን ለማሳየት ካርል ማርክስ በ1867 ከተጠቀመበት መንገድ የሚቀል እስካሁን አላገኘሁም። አንድ ሸማኔ ጨርቅ ይሸጥና በገንዘቡ ጫማ ይገዛል። ሸቀጥ ወደ ገንዘብ፣ ገንዘብ ወደ ሸቀጥ። ገንዘቡ መሻገሪያ ነው፤ ጫማው ሲገኝ ጉዞው ያበቃል፣ ሸማኔውም ወደ ቤቱ ይገባል። አሁን ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። አንድ ሰው በገንዘብ ይጀምራል፣ ሸቀጥ ይገዛል ወይም ያስመርታል፣ ሸጦም ወደ ገንዘብ ይመለሳል። በመቶ ጀምሮ በመቶ ቢጨርስ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ በመቶ አሥር መጨረስ አለበት። መቶ አሥሩስ? ከመጀመሪያው መቶ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። የሰው እግር ሁለት ነውና ጫማ የሚበቃበት ቀን አለ፤ ገንዘብ ግን የሚበቃበት ቁጥር የለውም። መቶ አሥሩም ተመልሶ ጉዞውን ይጀምራል።

ይህ ማለቂያ የሌለው ጉዞ የአንድን ኅብረተሰብ አብዛኛውን ምርት ሲይዝ፣ ብዙው ሰው ደግሞ ከጉልበቱና ከጊዜው በቀር የሚሸጠው ሳይኖረው ሲቀር፣ ካፒታሊዝም የምንለው ያን ነው። ጨርቁም፣ ጫማውም፣ የጆሮ ማዳመጫውም በዚህ ጉዞ ውስጥ ግብ አይደሉም፤ መቶው ወደ መቶ አሥር የሚሻገርባቸው መርገጫዎች ናቸው። አብዛኛው ዕለታዊ ምሬታችን የሚቀዳው ከዚህች ነጥብ ነው፦ እኛ ዕቃውን የምንፈልገው እንዲያገለግለን ነው፣ ሠሪው የሚፈልገው እንዲሸጥለት ነው። ሁለቱ ፍላጎቶች ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። በተለያዩ ቀን ማጣበቂያ ይፈሳል።

ደግ ባለቤት ቢኖርስ? ሁለት የጆሮ ማዳመጫ ፋብሪካዎች እንዳሉ እናስብ። የአንዱ ባለቤት ሕሊና ያለው ሰው ነው፤ ዕቃው በብሎን ይከፈታል፣ ባትሪው ይለወጣል፣ ደንበኛው ተመልሶ የሚመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ሌላው ያጣብቃል፤ መገጣጠሚያው ይረክስለታል፣ ደንበኛውም በሁለት ዓመት ይመለሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጣባቂው የበለጠ ገንዘብ አለው፤ በዚያ ገንዘብ ማስታወቂያ ያሠራል፣ ዋጋ ይሰብራል፣ አዲስ መሣሪያ ያስገባል። ባንክም ባለአክሲዮንም ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። ሕሊና ያለው ሰው ምርጫው ሦስት ይሆናል፦ እሱም ማጣበቅ፣ ዋጋው የማይገዳቸው ጥቂት ሀብታም ደንበኞች ዘንድ መጠጋት፣ ወይም ፋብሪካውን ለአጣባቂው መሸጥ። ክፉ ሰው መኖር አላስፈለገም። ማርክስ ራሱ ባለሀብቱን የዚህ ጉዞ ተጓዥ አድርጎ እንጂ የጉዞው ፈጣሪ አድርጎ አልከሰሰውም፤ ይህን የሚያስታውሱ ተከታዮቹ ጥቂት ናቸው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፦ የጆሮ ማዳመጫውን ራሱን ያስገኘው፣ እኔን በመሰለ ሰው አቅም እንዲገዛ ያረከሰውም ይኸው ውድድር ነው። ማርክስና ኤንግልስ በ1848 የከበርቴውን መደብ የማምረት ችሎታ ሲያደንቁ ከማንም ባለሀብት አፍ የማይወጣ ውዳሴ ነው የጻፉት። በመንግሥት ዕቅድ የተመሩት ኢኮኖሚዎችም የራሳቸው ሰልፍ፣ የራሳቸው ደካማ ዕቃ ነበራቸው። እኔም የማማርረው ያን እየናፈቅኩ አይደለም።

ውድድር ሁሌም ዕቃን ያሻሽላል የሚለው እምነት ግን አንድ የታወቀ ታሪክ ሲነገረው ይደናገጣል። በ1924 መጨረሻ ላይ የዓለም ታላላቅ አምፖል ሠሪዎች፣ የጀርመኑ ኦስራም፣ የኔዘርላንዱ ፊሊፕስና ከአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር የተዛመዱ ኩባንያዎች ጭምር፣ ጄኔቫ ላይ ፌበስ የተባለ ካርቴል፣ ማለትም ተወዳዳሪዎች መወዳደሩን ትተው ገበያውን በስምምነት የሚይዙበት ማኅበር፣ አቋቋሙ። ገበያውን ከመከፋፈላቸው ሌላ የአምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ በፊት 1,500 እና 2,000 ሰዓት የሚያበሩ አምፖሎች ገበያ ላይ ነበሩ። አባላቱ ናሙና እየላኩ ያስመረምሩ ነበር፤ አምፖሉ ከተወሰነለት ዕድሜ በላይ ከቆየ ሠሪው ይቀጣል። እንደገና ይነበብ፦ ቅጣቱ ዕቃው ቶሎ በመበላሸቱ አልነበረም፣ ባለመበላሸቱ ነው። ተከላካዮቹ የሚያቀርቡት ቴክኒካዊ ምክንያት አለ፤ ያ ዓይነቱ አምፖል ዕድሜው ሲያጥር ብርሃኑ ይደምቃል፣ ለተመሳሳይ ብርሃን የሚፈጀው ኤሌክትሪክም ይቀንሳል። እውነት ነው። ነገር ግን ደማቅ ብርሃን ብቻ የፈለገ ሰው የቅጣት ሰንጠረዥ አያወጣም። ካርቴሉ የፈረሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አባላቱን በየጎራው ሲከፋፍላቸው ነው።

ዛሬ ዕድሜ ማሳጠር እንኳ አስፈላጊ ያልሆነበት ዘመን ደርሰናል፤ ዕቃውን ከነአካቴው አለመሸጥ ይቻላል። በ2009 አማዞን በጆርጅ ኦርዌል የተጻፉ ሁለት መጻሕፍትን ደንበኞቹ ከፍለው ከጫኑባቸው የንባብ መሣሪያዎች ላይ ከርቀት ሰረዛቸው። ያቀረባቸው ሻጭ የማሳተም መብት አልነበረውም ተባለ፣ ገንዘቡም ተመለሰ፣ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። ግን ሻጩ ሌሊት ቤት ገብቶ መጽሐፍ ከመደርደሪያ የሚወስድበት ግዢ ምን ዓይነት ግዢ ነው? በ2022 ቢኤምደብሊው በአንዳንድ አገሮች የመኪናውን ወንበር ማሞቂያ በወርሃዊ ክፍያ ማከራየት ጀመረ። ማሞቂያው መኪናው ውስጥ ተገጥሟል፣ ገዢው በላዩ ተቀምጦበታል፣ ካልከፈለ ግን አይሞቅም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ቁጣው ስለበዛ ኩባንያው በዓመቱ ሐሳቡን ተወው፤ አሠራሩ ግን በሶፍትዌሩ፣ በፊልሙ፣ በፎቶ ማከማቻው ሁሉ ቀጥሏል። እኔ ራሴ ከረሳሁት ወርሃዊ አገልግሎት ለመውጣት የሞከርኩ ዕለት ስቆጥር፣ ለመግባት አንድ ጊዜ መንካት በቅቶኝ ነበር፣ ለመውጣት ግን ዘጠኝ ገጽ አለፍኩ። አምስተኛው ላይ "በእርግጥ ልትለየን ነው?" የሚል ያዘነ ፊት ሥዕል ነበር።

ሠሪው የሸቀጥ ሻጭ እንደሆነ ሁሉ፣ አብዛኞቻችን ደግሞ የጊዜያችን ሻጮች ነን፤ ከዕቃው ይልቅ በጥልቀት የሚያቆስለንም ይህኛው ገበያ ይመስለኛል። የነጻ ገበያ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ በ1776 ስለ አንድ የስፒል መሥሪያ ቤት ጽፏል። አንድ ሰው ሽቦውን ይስባል፣ ሌላው ያቃናል፣ ሦስተኛው ይቆርጣል፣ አራተኛው ያሾላል፤ እንዲህ ተከፋፍለው አሥር ሰዎች በቀን እስከ 48,000 ስፒል ይሠራሉ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢሠሩ ግን ሃያ እንኳ አይሞላላቸውም። ይህን ሁሉም ይጠቅሳል። የማይጠቀሰው ያው ሰው በዚያው ሥራው ላይ፣ ዕድሜውን ሁሉ ጥቂት ቀላል እንቅስቃሴዎችን ሲደጋግም የኖረ ሰው አእምሮውን ማሠራት እንደሚረሳ፣ የመጨረሻው ደንቆሮም እንደሚሆን አስጠንቅቆ መንግሥት በትምህርት እንዲደርስለት መጠየቁ ነው። ማርክስ በ1844 ባይተዋርነት ያለውን ነገር ስሚዝ ቀድሞ አሽትቶታል፦ ቀኑን ሙሉ የሠራኸው ነገር ያንተ አይደለም፣ እንዴት እንደሚሠራ የወሰንከው አንተ አይደለህም፣ ቤትህ ስትገባ ብቻ ነው ራስህን የምታገኘው።

ቤት መግባትም በራሱ የተገኘ ነገር አይደለም። ሮበርት ኦወን የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት መዝናኛ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት ብሎ የተነሣው በ1817 ነው። ጥያቄው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሆነው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ የዓለም የሥራ ድርጅት በ1919 የመጀመሪያ ስምምነቱን ሲያጸድቅ ነው፤ በመካከሉ ብዙ አድማ ተመትቷል፣ ብዙ ሰው ታስሯል፣ ሞቷልም። በ1930 ደግሞ እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንስ ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ይሠራሉ ብሎ ተነበየ። የምርት ዕድገቱን በተመለከተ ግምቱ ብዙም አልሳተም። ሰዓቱን በተመለከተ ግን ኬንስን የሚያህል ሰው እንዴት እንደተሳሳተ ማየት ያስተምራል።

ሥራን በግማሽ የሚያቀል መሣሪያ መጣ እንበል። ሦስት ነገር ማድረግ ይቻላል፦ በዚያው ሰዓት እጥፍ ማምረት፣ ግማሹን ሠራተኛ ማሰናበት፣ ወይም ሁሉም በሙሉ ደመወዝ ግማሽ ቀን እንዲሠራ መፍቀድ። ውድድር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይሸልማል፤ ሦስተኛውን ይቀጣል። ስለዚህ የተገኘው ጊዜ በራሱ ፈቃድ ወደ ሠራተኛው አይመጣም፤ የመጣበት ቦታ ሁሉ ሰው ተደራጅቶ ጠይቆት፣ ሕግ አስወጥቶለት ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ምሽታችን ይሰፋል ተብሎ ነበር። የሆነው አለቃ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መልእክት መላክ መቻሉ ነው።

በነገራችን ላይ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ጨርሶ የማይገባ ሥራ አለ። ልጅ ማሳደግ፣ በሽተኛ ማስታመም፣ ማብሰል፣ ማጠብ፤ አብዛኛውም በሴቶች ትከሻ ላይ ያለ ነው። አንዲት እናት ልጇን ስታሳድግ በአገር ምርት ሒሳብ ውስጥ ቁጥሯ ዜሮ ነው፤ የጎረቤቷን ልጅ በደመወዝ ስታሳድግ ግን ኢኮኖሚው አደገ ይባላል። የነገውን ሠራተኛ አሳድጎ የሚያስረክበው ይህ ሥራ ባይኖር የዛሬው ፋብሪካ ነገ ሰው አያገኝም። ክፍያ የለውምና ግን ሥራ አይባልም።

ታዲያ ይህን የተረዳ ሰው እንዴት ይኑር? እዚህ ላይ ነው ብዙ ደግ ሰው ወጥመድ ውስጥ ሲገባ ያየሁት። ወጥመዱ ንጽሕና ይባላል። ሰውየው የሚገዛውን እያንዳንዱን ነገር መመርመር ይጀምራል፤ ከማን መጣ፣ በማን ጉልበት ተሠራ፣ በስንት ጭስ ተጓጓዘ። ምርመራው ማለቂያ የለውም፣ ምክንያቱም የአንድ ሸሚዝ መንገድ እንኳ ስንት አገር እንደሚያቋርጥ መለያው ላይ አይጻፍም። ቀስ እያለ ሕይወቱ ወደ ኑዛዜ ይለወጣል፣ ከዚያም የሌላውን የገበያ ቅርጫት ወደ መፈተሽ ያልፋል። ጥቂት ገንዘብ ያላት፣ ርካሹን ከመግዛት በቀር ምርጫ የሌላት ሴት በእሱ ፊት ኃጢአተኛ ትሆናለች። ይህ ካፒታሊዝምን መቃወም አይደለም፤ ካፒታሊዝም እንደ ሸማች ብቻ እንድታስብ ያስተማረህን ትምህርት በደንብ ማጥናት ነው።

ገበያውም ይህን ጸጸት አይቶ ዝም አላለም። "የካርቦን አሻራ" የሚለውን አነጋገር፣ አንድ ሰው በአኗኗሩ ወደ አየር የሚለቀውን የጭስ መጠን ማለት ነው፣ በሕዝብ አፍ ያስገባው አንዱ ትልቅ ዘመቻ የነዳጅ ኩባንያው የቢፒ ነው፤ በ2004 እያንዳንዱ ሰው የራሱን አሻራ የሚያሰላበት ማስሊያ በኢንተርኔት አቀረበ። ነዳጅ አውጪው ነዳጅ እያወጣ፣ እኛ በየቤታችን ስንት አምፖል እንዳበራን እንቆጥራለን። መቁጠሩ ስሕተት የለውም፤ ማን ማንን እንደሚያስቆጥር ማስተዋል ግን ደግ ነው።

"ስልክ ይዘህ ካፒታሊዝምን ትቃወማለህ?" የሚለው ጥያቄም የዚሁ ወጥመድ ሌላው ጫፍ ነው። የባላባት መሬት ያርስ የነበረ ጢሰኛ ከዚያው መሬት በመብላቱ ሥርዓቱን ወዷል አይባልም፤ ሌላ መሬት ስላልነበረ ነው። በር በሌለበት ቤት ውስጥ "ካልወደድከው ለምን አትወጣም" ብሎ መጠየቅ ቀልድ ነው።

እምቢታ መቼ እንደሚሠራ ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ የአንድ ቃል ታሪክ ነው። በ1880 በምዕራብ አየርላንድ፣ በሜዮ አውራጃ፣ ከጦሩ የተሰናበተ፣ ሰው "ካፒቴን" እያለ የሚጠራው ቻርልስ ቦይኮት ሎርድ ኧርን ለተባሉ ባለርስት ወኪል ሆኖ ይሠራ ነበር። ምርት የጠፋበት ጊዜ ነበርና ጢሰኞቹ ከኪራዩ ከመቶ 25 እንዲቀነስላቸው ጠየቁ፤ ባለርስቱ ከመቶ 10 ብቻ ፈቀዱ። ቦይኮት ያልከፈሉትን ለማስለቀቅ ትእዛዝ አስወጣ። ሰዉ በትር አላነሣም። ማኅበር ነበረውና ተመካከረ፤ ከዚያ ሰውየውን ተወው። የእርሻ ሠራተኞቹ ሥራ ጥለው ወጡ፣ አንጥረኛው ፈረሱን አላጫማም አለ፣ ልብስ አጣቢዋ ልብሱን መለሰች፣ ባለሱቁ አልሸጥም አለ፣ ደብዳቤውን የሚያደርስለት ጠፋ። መስኩ ላይ ያለው ምርት ሊበሰብስ ሲል ከሰሜን 50 ያህል በጎ ፈቃደኞች መጡለት፤ እነሱን የሚጠብቁ ወደ ሺህ የሚጠጉ ወታደሮችና ፖሊሶችም ተሰለፉ። በወቅቱ በተነገረው ግምት 500 ፓውንድ የሚያወጣ ምርት ለማንሣት 10,000 ፓውንድ ወጣ። ካፒቴኑ ዓመቱ ሳያልቅ አካባቢውን ለቅቆ ሄደ፣ ስሙም፣ ቦይኮት፣ ተባብሮ መተውንና አለመገበያየትን የሚገልጽ ግሥ ሆኖ በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ ቀረ።

የልብስ አጣቢዋ ነገር ነው ከአእምሮዬ የማይወጣው። ለእሷ ያ ልብስ መተዳደሪያዋ ነበር። ብቻዋን መልሳው ቢሆን ኖሮ የራሷን ገቢ ከማጣት በቀር የምታተርፈው አልነበረም፤ ካፒቴኑ ሌላ አጣቢ ይፈልግ ነበር። የእሷን እምቢታ ያከበደው የአንጥረኛው እምቢታ ነው፣ የአንጥረኛውንም የባለሱቁ። ዛሬ "እኔ ከዚያ ኩባንያ አልገዛም" የሚለው ሰው ቃሉን ከዚያ ታሪክ ወሰደ እንጂ ድርጊቱን አልወሰደም።

ተመሳሳዩን በዘመናችን ያየነው እጅግ በከበደ ዋጋ ነው። ኤፕሪል 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ፣ ከዳካ አጠገብ፣ ራና ፕላዛ የተባለው ባለስምንት ፎቅ ሕንጻ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። በዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል። በታችኞቹ ፎቆች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ፤ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ታዘዙ፣ የቀረ ደመወዙን ሊያጣ ይችላልና ተመለሱ። ያን ልብስ የገዛ ሰው ስንጥቁን ከየት ሊያየው ይችል ነበር? ነገሩን የለወጠው በወሩ የተፈረመው ስምምነት ነው፤ የልብስ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ ውል ገቡ፣ ነጻ መሐንዲሶች ከሺህ በላይ ፋብሪካዎችን መረመሩ፣ ሪፖርቱም ለሕዝብ ወጣ። በዚያ ውል ውስጥ የሸማቹ ቁጣ ድርሻ ነበረው፤ መሐንዲሱን ወደ ፋብሪካው ያስገባው ግን ፊርማው ነው።

ሌላው መንገድ መቃወም ብቻ ሳይሆን ባለቤትነቱን ራሱን መለወጥ ነው። በ1844 በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች፣ ከፊሎቹ ሸማኔዎች፣ ጥቂት በጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ሱቅ ከፈቱ። ሸቀጣቸው ያልተበረዘ፣ ሚዛናቸው ያልተዛባ፣ ትርፉም በገዙት መጠን ለአባላቱ የሚመለስ ነበር፤ ብዙ ያዋጣም ጥቂት ያዋጣም ድምፁ አንድ ነው። ዛሬ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚመሩባቸው መርሆች ከዚያች ሱቅ የወጡ ናቸው። በስፔን ባስክ ምድር ደግሞ ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲአሪየታ የተባሉ ካህን በ1943 የሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1956 አምስት ተማሪዎቻቸው ማሞቂያ ምድጃ የሚሠራ የኅብረት ፋብሪካ አቋቋሙ። ያ ጅምር ሞንድራጎን ሆነ፤ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉት፣ በአባል ድርጅቶቹ ውስጥም የላይኛውና የታችኛው ደመወዝ ልዩነት በጥቂት እጥፍ የተገደበ ነው።

ተረት አድርጌ ላቅርበው ግን አልፈልግም። የሞንድራጎን የቤት ዕቃ ፋብሪካ ፋጎር በ2013 ከስሯል። በሌሎች አገሮች የከፈታቸው ፋብሪካዎች ሠራተኞችም ብዙዎቹ አባል ሳይሆኑ ተቀጣሪ ብቻ ናቸው። በባለቤትነት ደግ የሆነ ድርጅት ገበያው ውስጥ ሲገባ ያው አጣባቂ ተወዳዳሪ ይጠብቀዋል። ልዩነቱ የታየው በውድቀቱ ሰዓት ነው፦ ከፋጎር አባላት ብዙዎቹ ወደ ሌሎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተዛወሩ፣ ሌሎቹም በጡረታ ተሸኙ። ባለአክሲዮኖች ሲከስሩ አንዱ የሌላውን ሠራተኛ እንዲህ አይቀበልም።

ገበያም መንግሥትም ያልሆነ ነገር ይሠራል ወይ የሚለውን ጥያቄ በትዕግሥት የመረመረችው አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ናት፤ በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ከእሷ በፊት በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ የሥነ ሕይወት ምሁር የጋራ ግጦሽ ባለቤት ስለሌለው መራቆቱ አይቀርም ብሎ ጽፎ ብዙ ሰው አምኖት ነበር። ኦስትሮም ወረቀት ላይ ከተሳለ ግጦሽ ይልቅ እውነተኛውን መረመረች። በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ያለችው ቶርበል መንደር ነዋሪዎች የጋራ መሬታቸውን የሚያስተዳድሩበትን ሰነድ የፈረሙት በ1483 ነው። በ1517 የወጣ አንድ ደንባቸው፣ ማንም ሰው በበረዶው ወራት በራሱ መኖ ሊያኖራቸው ከሚችላቸው ላሞች በላይ በሞቃቱ ወራት ወደ ጋራው መስክ እንዳያወጣ ይከለክላል። እዩት፦ ስብከት የለበትም፣ ስግብግብ አትሁኑ አይልም። ላሞቹን ይቆጥራል፣ ተላላፊውን ይቀጣል፣ ቅጣቱን የሚያስከፍለውም ራሱ መንደሩ ነው።

እኔ በግሌ የምሞክራቸው ነገሮች ከዚህ ሁሉ አንጻር ትንንሽ ናቸው፣ አንዳንዶቹም የሚያስቁ። መሰርሰሪያ ከጎረቤት ጋር በጋራ ነው ያለን፤ በዓመት ሁለት ቀን የሚሠራ መሣሪያ ለየቤቱ አያስፈልግም። ማታ ለሥራ መልእክት አልመልስም፣ ከሦስቱ አንዱን ግን እመልሳለሁ። ደመወዜን ለሥራ ባልደረቦቼ እናገራለሁ፤ ይህኛው ከሁሉ ርካሽ ሆኖ ከሁሉ የሚያስፈራ ነው። ደመወዝን መደበቅ ጨዋነት ይመስለን ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለን ስንነጋገር እኩል የምትሠራ ባልደረባችን ከሁላችን ያነሰ እንደሚከፈላት ተገለጠ። ማን ከማን እንዳይነጻጸር መደረጉ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ለብቻዋ ጠይቃ አልሆነላትም ነበር፤ አራት ሆነን በጻፍነው ደብዳቤ ግን ተስተካከለላት።

ማጣበቂያውን በተመለከተም ዜና አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ መሠረት ከፌብሯሪ 2027 ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ የሚሸጡ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች፣ ከተወሰኑ በስተቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ ባትሪያቸውን አውጥቶ ሊለውጠው የሚችል እንዲሆኑ ይጠበቃል። ደግ ፋብሪካና አጣባቂ ፋብሪካ በአንድ ደንብ ሥር ሲገቡ ሕሊና ያለው ሰው የሚከስርበት ምክንያት ይቀንሳል። የቶርበል ሰዎች ላም ቆጠሩ፤ እዚህ የሚቆጠረው ብሎን ነው።

የእኔ የጆሮ ማዳመጫ እስከዚያ አልጠበቀም። መጠኑ የሚገጥም ባትሪ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ መበየጃውን ያዋሰኝ ያው መሰርሰሪያ የምንካፈለው ጎረቤቴ ነው፣ የበየደውም እሱ ነው፣ የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሽፋኑ ተሰንጥቆ ስለነበር በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልነው። አራት ሰዓት ያህል ይሠራል። ግራው ትንሽ ያፏጫል።